ጆሮ እንደ መዳፍ አይደነድንም

ካሙኩንጂ ውስጥ ሰላምታ የሚሰጠው በቅንድብ ነው። ናይሮቢ መሐል፣ ከወንዙ ዳር፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ስንትና ስንት መዶሻ በአንድ ጊዜ ላሜራ እየቀጠቀጠ «እንደምን አደርክ» ብሎ መጮህ ትንፋሽ ማባከን ነው። ቅንድብህን ታነሣለህ፣ ጓደኛህም ያነሣል፣ በቃ ደህና አድራችኋል። ዋጋ የሚነገረው በጣት ነው፤ ክርክሩም በጣት ነው፤ ስድቡም ቢሆን በጣት ይሄዳል።

ሙሴምቢ እዚህ ዳስ ሥር የተማሪ ሳንዱቅ መሥራት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አዳሪ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የከተማው ልጅ ግማሹ ሳሙናውንና ስኳሩን የሚቆልፈው እሱ በቀጠቀጠው ሳንዱቅ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ግማሹ ሳይሆን ሙሉው ነው።

ሥራውን ያስተማሩት ሙዜ ኪሎንዞ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ «ሙዜ» እዚያ «አባባ» እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሴምቢ ጆሮው ሲጮህበት በሁለት እጁ ይዞ ቢያዩት መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩት።

«ይህን አየኸው? መጀመሪያ ውኃ ቋጠረ፣ ቀጥሎ ፈነዳ፣ አሁን ፍም ብታስቀምጥበት አይሰማውም። ጆሮም እንደዚሁ ነው ልጄ። ታገሠው፣ ይደነድናል።»

ዳሱ ሥር ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያምናል። ሙሴምቢም ታገሠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጩኸቱ ማወኩን አቆመ። ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለምቢንያ «ደነደነልኝ!» ብሎ እንደ ሹመት አበሰራት። እሷም መዳፉ መስሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ቤታቸው ካሪዮባንጊ የሚባል ሰፈር ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ካሉኪ የምትባል፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት። ካሉኪ የቤቱ የመዝናኛ ሚኒስትር ናት። በየዓርቡ ከጓደኞቿ ለቅማ ፍላሽ ትሞላለች፤ ለእናቷ የጊታር ዘፈን፣ ለሦስቱም የሚሆን ቀልድ፣ ለአባቷ ደግሞ ሰው የሚደባደብበት ፊልም። ለምን ድብድብ እንደሚወድ ያን ጊዜ ማንም አላሰበም። ቡጢ ጆሮ አይፈልግማ።

«የካሉኪ አባት፣ ቀንሰው እንጂ!» ትላለች ምቢንያ። «ፊልሙን እኮ ጎረቤቱ ሁሉ ሳይጋበዝ እየሰማው ነው።»

«ይስማ! እኔ ስስታም አይደለሁም።»

ቀልድ ሲሆን ሙሴምቢ ስክሪኑን አያይም፤ ሚስቱንና ልጁን ያያል። እነሱ ሲስቁ ይስቃል፤ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ግን ከሁለቱም ጮክ ብሎ። እንዲህ እያደረገ መሆኑን እሱ ራሱም አያውቅም ነበር። ሰው ከለመደው ጉድለቱም ተፈጥሮው ይመስለዋል።

ካሉኪ ቀልድ ማየት ብቻ አልበቃትም፣ መቀለድም ጀመረች። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሻቸው ዝግጅት አድርገው መድረክ ሰጧት። ሙሴምቢ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ያችን ከራሱ የማትወልቅ የሱፍ ኮፍያውን አራግፎ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ቲማቲም ሻጯ ጎረቤታቸው ነበረች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት። ልጁ መናገር ስትጀምር የሙሴምቢ ዓይን ሳያውቀው ወደዚያ ትከሻ ሄደ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይስቃል፤ ሲያርፍ ያርፋል። ደህና ሬዲዮ ነበር።

ወደ መጨረሻው ላይ ካሉኪ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረብ አለች። ፊቷን ወደ አባቷ አድርጋ የሆነ ነገር ተናገረች። የቲማቲም ሻጯ ትከሻ ከወትሮው ይልቅ ተንቀጠቀጠ። ሙሴምቢም ልጁን ሊያኮራ ከወትሮው ይልቅ ሳቀ፤ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጭኑን እየመታ።

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። ቲማቲም ሻጯም ዞረች። ጉንጯ በእንባ ርሷል።

ካሉኪ ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ እጅ ነሥታ ወረደች።

ቤት ሲደርሱ ካሉኪ «ደክሞኛል» ብላ ጓዳ ገባች። ሙሴምቢ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ቀልድ አልነበረም እንዴ የምታወራው?»

«መጀመሪያው ቀልድ ነበር» አለች ምቢንያ፣ ከንፈሯን በደንብ እየከፈተች። «መጨረሻው ስለ አንተ ነበር።»

«ምን አለች?»

«እሱን ከእሷ አፍ ስማው። እኔ ባወራልህ ይበላሻል።»

እንዴት ይጠይቃት? ልጁ በሰው ፊት ልቧን አውጥታ ስታሳየው የሳቀባት አባት ምን ብሎ «ድገሚልኝ» ይላል? ደግሞስ ብትደግምለት፣ ይሰማዋል? ያን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱም አስፈራው።

ሰኞ ዕለት መፍትሔ ያገኘ መሰለው። በየበሩ እያዞረ ከሚሸጥ ነጋዴ ቀይ የሙዚቃ ማዳመጫ ገዛ። ነጋዴው «ይህን ሰክተህ ዘፈኑን ከፍ ስታደርገው መዶሻው የት እንደገባ አታውቅም» ብሎት ነበር። አልዋሸም። ሙሴምቢ ሁለት ቀን ሙሉ ከመዶሻው የበለጠ ዘፈን ጆሮው ውስጥ አፍስሶ ሳንዱቅ ቀጠቀጠ። በሦስተኛው ቀን ዘፈኑን ሲያጠፋው ጆሮው ውስጥ ሌላ ዘፈን ቀጠለ፤ ቀጭን፣ እንደ ወባ ትንኝ፣ የማይጠፋ።

ምቢንያ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ቀዩን ማዳመጫ አንገቱ ላይ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ቤትዎ ሌባ ገብቶ ሳለ ሌላ ሌባ ጠርተው ነው የመጡት?» አለችው። ጆሮውን መረመረች፤ በማሽን አስደመጠችው፤ ሲሰማው እጁን እንዲያነሣ ነገረችው። እጁ ብዙ አልተነሣም። ከዚያ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጆሮ ውስጥ ከሣር የቀጠኑ ፀጉሮች አሉ። ድምፅ ሲመጣ ያጎነብሳሉ፣ ሲያልፍ ቀና ይላሉ። እርስዎ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከብት ነዱባቸው። የደከመው ሣር ካሳረፉት ይነሣል። የተሰበረው አይነሣም።»

«ጆሮዬ ግን ደንድኗል» አለ ሙሴምቢ። «ጩኸቱ ድሮ ነበር የሚያውከኝ፤ አሁን ምንም አይለኝም።»

«የሚታወከው ክፍል ስለሞተ ነዋ።»

ምቢንያ አንገቷን ደፋች። ነርሷ ድምፅዋን አለሰለሰች። «ሁሉም አልሞተም። ቀኙ ደህና ቀርቶልዎታል። ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ፣ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ ካወራዎት ይሰማሉ። ያን ካልጠበቁት ግን እሱም ይሄዳል።»

«ምን ልግዛ ታዲያ?»

«መከላከያ። ማዳመጫ አላልኩም፣ መከላከያ ነው ያልኩት! ዘፈን የሚያወጣ ከሆነ አይንኩት። ትራሱ ጆሮዎን ሙሉ ውጦ ዙሪያውን ቆዳ ላይ ይረፍ። ያዛጉ፣ ያኝኩ፣ ራስዎን ይነቅንቁ፤ በጎን ክፍተት ከተወ የእርስዎ አይደለም። ቢያምዎትም የእርስዎ አይደለም፤ የሚያም ዕቃ በሁለተኛው ቀን ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ካርቶኑ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንደሚቀንስ ተጽፏል፤ ለሻጩ ላሜራ ቀጥቃጭ ነኝ ይበሉት። ትራሱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ይለውጡ። ሲሠሩ ደግሞ ለአንድ አፍታ ብለው አያውልቁት፤ መጀመሪያ ከዳሱ ይውጡ።»

ሊወጡ ሲሉ ጠራቻቸው። «ሌሎቹንም እንዲህ በሏቸው፦ በክንድ ርቀት ለቆመ ሰው መጮህ ካስፈለጋችሁ፣ ያ ቦታ ጆሮ እየበላ ነው።»

ወደ ሱቅ አብራው የሄደችው ካሉኪ ናት። ስለ ቅዳሜው አንድ ቃል አላነሣችም። ሙሴምቢ የመጀመሪያውን መከላከያ አንሥቶ ኮፍያው ላይ ደፋው።

«አባዬ፣ ኮፍያው ይውለቅ!» አለች በእጇ እያሳየችው። «በሱፉ ሥር ድምፁ ሾልኮ ይገባል።»

ችግር መጣ። ያች ኮፍያ የሙሴምቢን ራሰ በራነት ከዓለም ደብቃ የኖረች ናት። ሻጩን አየ፣ በሩን አየ፣ ልጁን አየ። አወለቀ። ካሉኪ ምንም አልሳቀችም፤ ሻጩ ግን ብርሃን እንደ በራበት ሰው ዓይኑን በእጁ ጋረደ።

«አንተ ደግሞ!» አለችው ካሉኪ፣ እሷም ሳቋን መያዝ አቅቷት። ሙሴምቢም ሳቀ፤ ያን ጊዜ የሳቀው በሰዓቱ ነበር።

አምስት ሞከረ። አዛጋ፣ ምንም ሳይኖረው አኘከ፣ እንደ ፍየል ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ጠበበ፣ አንዱ በመንጋጋው በኩል ክፍተት ተወ፣ አንዱ ያማረ ነበር ግን ትራሱ ጆሮው ላይ እንጂ ዙሪያው ላይ አልተቀመጠም። አራተኛው ጆሮውን እንደ ድስት ክዳን ዘጋው፤ ካሉኪ ግን ከኋላው «ተጠንቀቅ!» ብላ ብትጮህ ዞር እንኳ አላለም። «ይኼ በዝቷል» አለች። «ካሪዮላ ሲመጣብህ ማን ይነግርሃል?» አምስተኛውን ወሰዱ፣ አስቀያሚውን፣ ለሁለት እንደ ተገመሰ በርበሬ ቀይ የሆነውን።

በማግስቱ ዳሱ ሥር ሲገባ የመጀመሪያው መዶሻ ቆመ። ሁለተኛው ቆመ። ከዚያ ሙዜ ኪሎንዞ ሁለት ክንዳቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው በሳንዱቆቹ መሐል እየተንሳፈፉ መጡ። ዳሱ በሙሉ ክንዱን ዘረጋ። ሃምሳ አውሮፕላን።

የሻይ ሰዓት ላይ ከዳሱ ወጥተው ሲቀመጡ ግን ሽማግሌው ቀልዱን ተዉ።

«ፓይለቱ፣ ላሜራ ሲላላ የሚናገረው በድምፁ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ጆሮህን ደፍነህ እንዴት ትሰማዋለህ?»

«እውነትዎን ነው ሙዜ። ትናንት ቤት ሞክሬ አንድ ማዕዘን አጣምሜአለሁ።»

«አላልኩህም?»

«ግን ወፍራሙ ድምፅ ያልፋል። የቀረውን የእጅ አንጓዬ ይነግረኛል። እንዲያውም እርስዎ ራስዎ ላሜራውን የሚሰሙት በጆሮዎ ይመስልዎታል? ዛሬ ጧት ሦስት ጊዜ ስጠራዎት ነበር።»

ሽማግሌው ሻያቸውን ተመለከቱ። «እስቲ አምጣው፣ ልሞክረው» አሉ፣ ለፌዝ እንደሆነ ሰው ሁሉ እንዲያውቅላቸው ጮክ ብለው። ለፌዝ ያጠለቁትን እስከ ቀትር አላወለቁትም። ሙሴምቢ ያን ያህል ጊዜ ከዳሱ ውጭ ቀለም ሲቀባ ቆይቶ ሊቀበላቸው ሲሄድ «ምን አልክ? አልሰማሁህም» አሉት። በሳምንቱ የራሳቸውን ገዙ። በሁለተኛው ሳምንት ዘጠኝ ሰው ገዛ። ሌላው ገና ክንዱን እየዘረጋ ነው።

እናንተ ወፍጮ ቤት የምትውሉ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ላይ የቆማችሁ፣ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ውስጥ ዘፈኑን ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ የምትከፍቱ፣ ልብ በሉ። መዳፍ ሲጎዳ ቆዳ ያበቅላል። ጆሮ ሲጎዳ የሚያበቅለው ዝምታ ነው። ጩኸት ካላወካችሁ አትኩራሩ፤ ተመርመሩ። ደግሞም ቤታችሁ ውስጥ ከሁሉ ኋላ የሚስቅ ሰው ካለ አትሳቁበት። ጠጋ ብላችሁ ፊት ለፊቱ አውሩት።

ሙሴምቢ ሦስት ሳምንት ጆሮውን አሳረፈ። ቴሌቪዥኑ ተቀነሰ። ካሉኪም ምርጫዋን አስተካከለች፤ ከሥሩ ጽሑፍ ያለበት ፊልም፣ አንድ ድምፅና አንድ ጊታር ብቻ ያለበት ዘፈን፣ ፊቱን እያጣመመ የሚቀልድ ቀልደኛ። ጆሮው ውስጥ ያለችው ትንኝ አልጠፋችም፣ ግን ራቅ አለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት ምቢንያ የበቆሎና ባቄላ ንፍሮውን ጥዳ በሩን ዘጋች። ሙሴምቢ ቴሌቪዥኑን ጭራሽ አጠፋው።

«ካሉኪ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያልሽውን ድገሚልኝ።»

«የቱን? የሚያስቀውን?»

«ሰው ያለቀሰበትን።»

ካሉኪ እናቷን አየች። ከዚያ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ፣ ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ሳትጮህ።

«ልጅ ሳለሁ አባቴ ከሥራ ሲገባ እጠራዋለሁ፣ ዝም ይለኛል። ደግሜ እጠራዋለሁ፣ ዝም ይለኛል። የተቀየመኝ ይመስለኝ ነበር። ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ቀን ፊቱ ቆሜ እንደ ሰከረ ዶሮ ተንገዳገድኩ። አየኝ፤ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ልጠራው ስፈልግ አስቀዋለሁ። እናንተ ቀልደኛ ናት ትላላችሁ። እኔ ግን አባቴን እየጠራሁ ነው።»

ሙሴምቢ አልሳቀም። እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል።

«አቤት» አላት፣ ታላቁ እንደጠራው ልጅ። «አቤት፣ ልጄ።»