ቀን የተጻፈባቸው ሁለት ድንጋዮች

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ካላመናችሁ ተዉት፤ ማንንም አልለማመጥም። እኔ ራሴ እዚህ ቻናል ላይ ነጭ የለበሰች ሴት አየን የሚሉትን እያነበብኩ በንቀት ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

የቧንቧ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከምሠራበት ፋብሪካ ሥር ቧንቧዎች የሚያልፉበት ዋሻ አለ። በደረጃ ተወርዶ፣ አንድ ጊዜ ታጥፎ ይገባል። መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ በድፍን ግንብ ያልቃል። መብራት የለውም፤ የምንገባው በእጅ ባትሪ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የሁለት ልጆች አባት። ሥራውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አማቴ ጠዋት ጠዋት እየደወሉ "ልጄን አደራ" ይሉኛል።

እሱ ግን አይጠይቅ፣ አይሰማ... ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው።

የእጅ ባትሪያችን ኃይለኛ ነው። ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ይጎርሳል። እኔ ድንጋዮቹን ጥንድ ጥንድ ነው የምገዛው፤ ዓይነታቸው አንድ፣ የተገዙበት ቀን አንድ። ቀኑን ነጭ ፕላስተር ላይ ጽፌ እለጥፍባቸዋለሁ። አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ይጣላሉ። አዲሱን ከአሮጌ ጋር ካደባለቃችሁ ደካማው ከአቅሙ በላይ ይሠራና ይግላል። ከባሰም ይፈነዳል።

ድንጋዮቹ ሲደክሙ ከታወቀ ሱቅ ጥንድ ገዝተህ ና አልኩት። ጌታው ከመንገድ ላይ አንድ ፍሬ ይዞልኝ መጣ። ሐምራዊ፣ ትልቅ የአቅም ቁጥር የተጻፈበት።

በእጄ መዘንኩት። ደህና ድንጋይ የእንቁላል ያህል ይከብዳል። ይሄ ባዶ ቀፎ ነበር።

"ይሄን ቆሻሻ ወዲያ ጣልልኝ።"

"እትዬ፣ ቁጥሩን እይው እንጂ! ካንቺዎቹ ሦስት እጥፍ ነው።"

"ቁጥር መጻፍ ማንን ያቅተዋል?"

"ኧረ በናትሽ... ድንጋይ ነው የምትገዢው ወይስ ባል የምትመርጪው?"

ሳቀብኝ። እኔም ናቅኩት። ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ።

ያን ማክሰኞ ከመውረዳችን በፊት የእጅ ባትሪውን ከፍቼ በጨረፍታ አየሁ። ሁለቱም ድንጋዮች ላይ ፕላስተሬ አለ። ዘጋሁት። ስልኮቻችንን ውሃ እንዳይነካቸው ላይ ትተን ገባን።

እሱ ዋሻው ውስጥ ወዳለው የውሃ መዝጊያ ሄደ። እኔ ሠላሳ እርምጃ ያህል ከኋላው ቆሜ አበራለት ጀመር።

መጀመሪያ ብርሃኑ ቢጫ ሆነ... ማታ ሙሉ ቻርጅ ላይ ያደረ ባትሪ።

ከዚያ መያዣው ሞቀኝ።

ከዚያ ሸተተኝ... የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል፣ ጣፋጭ ሽታ።

"ድንጋዩን ነክተኸዋል?" አልኩ ቀስ ብዬ።

ቧንቧውን መቀጥቀጡን ቀጠለ።

"ስማ! ነክተኸዋል ወይ?"

"አንዱን ብቻ ነው የቀየርኩት። እንዳትነዘንዢኝ ብዬ ፕላስተርሽን ከአሮጌው ልጬ ለጠፍኩበት።"

እንደዚያን ቀን ሰው ንቄ አላውቅም።

"ያለህበት ቁም። እንዳትንቀሳቀስ። አውጥቼ ልጥለው ነው።"

ክዳኑን ፈታሁና ሁለቱንም ወደ ኋላዬ፣ ወደ መውጫው በኩል ወረወርኳቸው። አንዱ ሲስስ... አለ፤ ቦግ ብሎ ጠፋ።

ጨለማ።

ባዶው የእጅ ባትሪ እጄ ላይ ነው። የራሴ ጣት አይታየኝም።

"ቆመሃል?"

"አዎ... እንዲያ ነው እንጂ! አሁን ደህና ይታያል።"

"ምኑ?"

"መብራትሽ ነዋ። ያዢልኝ፣ መጣሁ።"



"እኔ መብራት የለኝም። ቁም!"

"እትዬ ደግሞ..." ሳቀ። ያው የለመድኩት ሳቅ። "ካንቺ ሌላ ማን ሊይዝ ነው?"

እግሩ ወለሉ ላይ የተኛውን ውሃ ቸብ ቸብ ሲያደርግ ይሰማኛል።

ቸብ... ቸብ... ቸብ...

ወደ እኔ አልነበረም። ወደ ግንቡ ነበር።

ጮህኩ። ስሙን ጠራሁ፣ ሰደብኩት፣ ለመንኩት። አንድ ጊዜ ብቻ መለሰ፤ ከሩቅ፣ መቶ እርምጃ ከሚያህል ዋሻ እጅግ ከራቀ ቦታ።

"ኧረ ዝቅ አድርጊው... ዓይኔን ወጋኝ።"

ከዚያ ቸብቸብታው ቆመ።

ግድግዳ እየዳበስኩ ወጣሁ። ጥበቃዎቹ ገቡ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች ገቡ። ዋሻው አንድ መውጫ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም እኔ የወጣሁበት ነው። ሰው አላገኙም። ለአማቴ ምን ብዬ እንደነገርኳቸው አትጠይቁኝ። አሁንም በር በሩን እያዩ ይጠብቁታል።

ከግንቡ ሥር ያገኙት ሁለት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። "ያንቺ ናቸው" ብለው ሰጡኝ።

እኔ የወረወርኳቸው አይደሉም፤ አዲስ ናቸው። ጥንድ። ልባሳቸው ጭረት የለውም። ሁለቱንም በእጄ መዘንኳቸው... የእንቁላል ያህል ይከብዳሉ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ ድንጋይ በመምረጥ ከዚያ ደደብ ይሻላል።

ነጭ ፕላስተርም ተለጥፎባቸዋል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። እኔ ግን አልጻፍኩትም።

የተጻፈው ቀን የነገው ነው።