ደህና የተባለው ልብ

አናጢው በድንገተኛ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ሚስቱ በካቴና ታሰረች። ዶክተሩ ቃሉን ሰጥቷላ፤ «ልቡ ደህና ነበር፣ የልብ ምቱ ወረቀት፣ ኢሲጂው፣ ይኸው። አንድ ነገር አጠጥታዋለች።» ነጭ ጋወን የለበሰ ሲናገር የአናጢን ሚስት ማን ይሰማል?

መርማሪዋ ግን አንሶላውን ገልጣ ሬሳውን አየች። ደረቱ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ነው፤ አልተላጨም፣ ምልክትም የለበትም። ቀጥሎ የኢሲጂ ማሽኑን መጣበቂያ ጎማ ጨምቃ ክንዷ ላይ ለጠፈችው። ስታነሳው ቀይ ክብ ቀረ።

«ምን አጠጣሽው፣ እህቴ?»

«ውሃ ነው። ደረቴን ድንጋይ ተጫነኝ አለኝ፣ ላብ አጠመቀው። ካርድ አውጥቼ ስመለስ ዶክተሩ ‹የልብህ ወረቀት ደህና ነው፣ ጨጓራ ነው› ይለዋል።»

ሲስተሯ የልብ ምቱን ለክታለች። «ይጋልብ ነበር» አለች። «ከዚያ የምትወልድ ሴት ጋ ተጠራሁ፤ ሕፃኑን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።»

የማሽኑ ሠራተኛ ትከሻውን ሰበቀ። «ምሳ ላይ ነበርኩ። ደግሞ ያንን ጫካ ሳይላጩ ጎማው የት ይያዛል?»

«እኔ አንባቢ እንጂ ማሽን ጎታች አይደለሁም» አለ ዶክተሩ። በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፏል።

መርማሪዋ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ሚስትየዋንም ከነካቴናዋ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ሲስተር የለካችው ልብ ይጋልባል። ይሄኛው የሰከነ ነው።»

«ልብ እኮ ይረጋጋል» አለ ዶክተሩ።

«ይሁን። ጎማው ደረቱን ሳይነካ ግን ማሽኑ አይጽፍም። ይህን ደረት አልነካውም። ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው።» በጣቷ ግድግዳውን አሳየች። ደረቱን ያመመው ሁሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ይነሳ፣ ያዘገየ ይቀጣል ይላል ማስታወቂያው። «ሠራተኛው ምሳ ላይ ነው፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። አንድ ሰው ጎማውን በራሱ ደረት ለጥፎ ወረቀት አወጣ።»

«ስንጣደፍ ሁላችንም እናደርገዋለን» አለ የማሽኑ ሠራተኛ፣ ሸሚዙን ከፍቶ ንጹሕ ደረቱን እያሳየ። «ግን ተመልሰን የበሽተኛውን እናነሳለን።»

«ዶክተር፣ ቁልፍዎን ይፍቱ።»

«ማን መሰልኩሽ አንቺ?»

«እሱን ነው የማጣራው።»

ዶክተሩ ቀስ ብሎ ፈታ። ከግራ ጡቱ ሥር ቀያይ ክቦች ተደርድረዋል።

«ሌላ በሽተኛ መጣብኝ» አለ። «ረሳሁት።»

«እና ወረቀቱን ሲያገኙት የራስዎን ልብ አንብበው ደህና ነው አሉት። ሲሞት ግን ትዝ አለዎት። ያኔ ሴትየዋን ነፍሰ ገዳይ አደረጓት።»

ካቴናው ተፈታ። ሚስትየዋ እጇን እንኳ አላሻሸችም። ዶክተሩን ብቻ አየችው።

«በጊዜ ብታየው ይተርፍ ነበር?»

«ሊተርፍ ይችል ነበር።»

«ሌላ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ተነስቶም ነበር። ‹የተማረ ሰው ነው፣ አታስቀይመው› ብዬ ልብሱን ይዤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»