ከማዶ የሚመለሰው ብርሃን

ይሄ በእኔው ላይ የደረሰ ነው።

ድሮ ሰው አላምን ሲለኝ «ወንድሜን ያጣሁ!» ብዬ እምል ነበር። አሁን በሱም አይማልም... አጥቼዋለሁ። እንግዲህ ያለ መሐላ እመኑኝ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ከገደሉ ወዲህ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

መጀመሪያ ስራዬን ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም።

ከገደሉ ማዶ፣ ዋሻ ውስጥ፣ በፈንጂ ድንጋይ ይፈለጣል። በፈንጂው ምክንያት እዚያ ስልክም ራዲዮም ክልክል ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው በብርሃን ነበር። እኔ ከቢሮዬ ጨረር እለቃለሁ። ማዶ ዋሻው አፍ ላይ ያለው መስታወት ጨረሩን ወደመጣበት፣ ወደኔው ይመልሰዋል። ወንድሜ አጠገቡ ሆኖ ሲያወራ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ ብርሃኑም ድምፁን ይዞ እኔ ጋ እስካለው ድምፅ ማጉያ ይመጣል። የኔን ድምፅ ደግሞ ያው ጨረር ያደርስለታል። ተመላሽ ብርሃን ካለ ጠረጴዛዬ ላይ አረንጓዴ አምፖል ይበራል።

እሱ ጋ የራሱ መብራት የለም። ከወዲህ ከተዘጋበት ዲዳ ነው።

ለዚህ ነው ደንብ ያወጣነው። «ልዘጋ ነው» እላለሁ። «ዝጊ» ካላለኝ አልዘጋም። አንዳንዴ ሆን ብሎ ዝም ይላል። «ጋሽዬ፣ ራበኝ እኮ!» ስለው ከት ብሎ ይስቃል።

ወንድሜ የሞተ ለት ጨረሩን ሳልዘጋ ምሳዬን ልቀምስ ወጣ አልኩ።

ስመለስ ጠፍቷል። አለቃችን ወንበሬ ላይ ተንሰራፍቷል።

«ሰው በሌለበት ምን ያበራዋል? ዘጋሁት» አለኝ።

ዋሻው ወንድሜ ላይ የተደረመሰው በዚያችው ሰዓት ነው። ሲያወጡት አፉ በተሰነጠቀው መስታወት ላይ ተለጥፎ ነበር... ለካ ሲጠራኝ ቆይቷል።

አለቃው ለቅሶው ላይ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣና «እሷ ናት ዘግታው የሄደችው» አለ። እናቴ ፊቷን አዞረችብኝ።

እንግዲህ ያን አስር ሰዓት የገባሁት፣ ከለቅሶው በኋላ፣ የጨረሩን ዕቃ ልነቅል ነው። አለቃው ነው ያዘዘኝ። የመስታወቱ ስብርባሪ በጆንያ ሆኖ እግሬ ስር ተቀምጧል። ማዶ ያለው ፍርስራሽ ብቻ ነው።

ከመንቀሌ በፊት ልሞክረው ብዬ ጨረሩን ለቀቅኩ።

አረንጓዴው በራ።

ክው አልኩ። ምኑ ነው የሚመልሰው?

ጨረሩን ወደ ባዶ ሰማይ አዞርኩት...

አሁንም በራ።

ከድምፅ ማጉያው ትንፋሽ ተሰማ። ቀጥሎ ጉሮሮ መጥረግ... ሁለቴ። ወንድሜ ሁሌም እንደዚያ ነው።

«እታለም...»

«ጋሽዬ?»

«ለምን ዘጋሽብኝ?»

ወይኔ! ስፈራው የከረምኩት ይሄንኑ ነበር። እሱም የዘጋሁበት እኔ መስዬዋለሁ!

«እኔ አይደለሁም! አለቃው ነው። ሳትፈቅድልኝ እንዴት አድርጌ?»

ከማጉያው ውኃ ጠብ... ጠብ... ሲል ይሰማል።

«ወንበርሽ ሲንቋቋ ሰምቼ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «የከባድ ሰው አቀማመጥ ነው። ያንቺ አይደለም።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

በሩ ተበረገደ። አለቃው!

«እስካሁን አልነቀልሽውም?»

«ይስሙ... እሱ ነው።»

«የቱ እሱ? አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ?»

ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠረገ... ሁለቴ።

የአለቃው ፊት አመድ መሰለ። ገፍትሮኝ አለፈና ሶኬቱን ነቀለው።

ጨረሩ ጠፋ። የዕቃው ማራገቢያም ቆመ።

አረንጓዴው አምፖል ግን አልጠፋም።

«ዝጋ አላልኩም» አለ ወንድሜ።

አለቃው ሶኬቱን በእጁ እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከፍርስራሹ መሃል ቀጭን ብርሃን ወደኛ ይመጣ ነበር። እኔን አልነካኝም። የአለቃው አፍ ላይ ሄዶ አረፈ።

አለቃው አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። ድምፁ የመጣው በማጉያው ነው... ከማዶ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት... እኔ ነኝ የዘጋሁት...»

ሰሚው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አለቃው ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም። አረንጓዴው አምፖል ሶኬቱ እንደተነቀለ ዛሬም ይበራል፤ የአለቃው ድምፅም እዚያው ማጉያው ውስጥ «እኔ ነኝ የዘጋሁት» እንዳለ ነው። እናቴን አንድ ቀን መጥታ እንድትሰማው እለምናታለሁ።

አትመጣም።