የቅርብ ተጠሪ

ሱፍዋን የደብረ ሲና ልጅ ነው። ሸዋ ሮቢት የወረደው የሆስፒታሉን ነርሶች ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሊያሻግር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ እያሠለጠነ ሳለ፣ ሙቀቱ ጣለው።

አልጋ ላይ አስተኝታ ግሉኮስ የሰካችለት ነርስ ፈይዛ ናት። ከሠልጣኞቹ ሁሉ ጥያቄ የምታበዛው እሷ ነበረች፤ የግማሹን መልስ እያወቀችው። ማወቋን እሱም ያውቅ ነበር።

«አሁን አንተን ራስህን ልመዝግብህ» አለችና ኮምፒውተሩን ወደ አልጋው ሳብ አደረገች። «አግብተሃል?»

«ሲስተሙ ነው የሚጠይቀው?»

«ካልሞላሁት አያሳልፈኝም።»

«አላገባሁም።»

ይህቺን ቃል ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። «የቅርብ ተጠሪ?»

«እዚህ ከተማ ቅርቤ የምለው አንቺን ነው።»

ስሟን አስገባች። ዝምድና የሚለው ጋ ስትደርስ ግን እጇ ከዳት፤ «ሌላ» የሚለውን እነካለሁ ስትል ከሥሩ ያለውን «ሚስት» ነክታ መዘገበችው።

የወረቀት ካርድ ቢሆን ቀድዳ በጣለችው። ይሄኛው ወዲያው መድኃኒት ቤት ደረሰ። የመድኃኒት ቤቷ ኤልሳቤጥ መድኃኒቱን ራሷ ይዛ መጣችና «ሳትነግሪን?» አለቻት።

የተመዘገበውን ማረም የሚችለው ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ሱፍዋን ብቻ ነበር። ፈይዛ ለመነችው። «ነገ አርመዋለሁ» አለ። በማግስቱም «ነገ» አለ።

በአራተኛው ቀን ወሬው ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ደርሶ፣ እህል ነጋዴው አባቷ ሐጂ አብዱልሰመድ ሆስፒታሉ ድረስ ከች አሉ።

«ልጄን ያለ ኒካህ ሚስት ብለህ አስጽፈሃታል አሉ። ማጥፋት አትችልም?»

«እችላለሁ፣ አባባ።»

«ታዲያ አራት ቀን ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

ሱፍዋን አቀረቀረ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ሐጂ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። እሷም አቀርቅራለች። ሁለቱን እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በል አጥፋው። የኔ ልጅ በሽማግሌ እንጂ በኮምፒውተር አትዳርም።»

እያዩት አጠፋው። ስህተት መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቀው ፈይዛ፣ ዓይኗን ከባዶው ቦታ መንቀል አቃታት።

አባቷ ለሶላት ሲወጡ ሱፍዋን ጠጋ አለ።

«ሽማግሌዎቼን ሐሙስ ልላክ?»

«ሐሙስ አይሆንም።»

ፊቱ ጠቆረ። ፈይዛ ፈገግታዋን በሂጃቧ ጫፍ ሸፈነች።

«ሐሙስ ተረኛ ነኝ። ረቡዕ ይምጡ።»