የቆጮው ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ብረት

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የነካሁት ነው። ዛሬም ድረስ እጄን እጸየፈዋለሁ።

ሶዶ፣ ሐምሌ 1930 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ባሌ ያኒ ግሪክ ነጋዴ ነው። በሰው አገር የገዛውን አሮጌ ቤት ያሳድስ ነበር። መስኮቶቹ በጣውላ ተዘግተው ቤቱ በቀን ጨለመ። እድሳቱ እስኪያልቅ ለአናጢዎቹ ብርሃን እንዲሆን ሞተር ተከራየ። መካኒኩ አድነው ሽቦ ዘረጋ።

አዲስ አበባ ስማር ስለ ኮረንቲ ካነበብኩት መጥፎ መጥፎው ብቻ ትዝ አለኝ። የስምንት ወር ልጄን ሰገነትን ይዞ ሲያደርቃት ታየኝ።

"አይይዛትም፣ እትዬ" አለ አድነው። " ይቺን ብረት እርጥብ መሬት ውስጥ ከቀበርኩ ኮረንቲው ወደዚያ ይሄዳል።"

ከጓሮው ሁሉ እርጥቡ አንድ አሮጌ የቆጮ ጉድጓድ ነበር። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ እንሰት ቀብረውበት ሳያወጡት ሞተዋል። ዝንብ አይለየውም።

ጎረቤታችን እማማ ቦሼ ክንዴን ያዙኝ።

"ተይ ልጄ። የሴት ጉድጓድ ነው። ወንድ አይወጋውም።"

አድነው ሳቀ። "የጉድጓዷ ባል ይቀናል እንዴ?"

"ውጋው" አልኩት። "ጠለቅ አድርገህ!"

መዶሻ እንኳ አላስፈለገውም። ብረቱ ሰመጠ...

ጉድጓዱ አገሳ። በልቶ እንደጠገበ ሰው።

ግራጫ አረፋ ወጣ። የኮመጠጠ ቆጮ ብቻ አልሸተተኝም። ሕፃን ያስታወከው ወተት ሸተተኝ።

ሞተሩ ተነሳ። አምፖሉ በራ።

ቤት ገብቼ ሳጠባት ሰገነት ጡቴን ተፋችው።

አፏን ጠጋ ብዬ አሸተትኩ... ያው ሽታ።

ጣቴን አስገባሁ። ድዷ ላይ አንድ ቃጫ ተጣብቋል። እርጥብ፣ ንፍጥ የለበሰ።

ሳብኩት... መጣ።

ሳብኩት... አሁንም መጣ።

ክንዴ ላይ ሁለት ዙር ተጠመጠመ። ማለቂያ የለውም። በሳብኩ ቁጥር አምፖሉ ይደበዝዛል። ልጄ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቆረ።

"አድነው! አጥፋው! ብረቱን ንቀለው!"

ሞተሩ ጸጥ አለ። ከጓሮ የአድነው ድምፅ መጣ። ቀልዱ ጠፍቶበታል።

"እትዬ... እንቢ አለኝ። ከታች... ይዘውታል።"

"እነማን?"



እማማ ቦሼ ሰገነትን ከእቅፌ ወሰዷት። በሹክሹክታ፣ "አንቺ ንቀይው። ሴት ትንቀለው" አሉኝ።

ሮጥኩ። ተንበርክኬ እጆቼን እስከ ክርኔ ከተትኳቸው። ውስጡ ትኩስ ነው። ይላወሳል። ብረቱን ሳገኘው...

ሌሎች ጣቶች ቀድመውኛል።

ትንንሽ። ለስላሳ። ጥፍር የሌላቸው።

አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው። ብረቱን በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩት። ወጣ።

ከቤት ውስጥ የሰገነት ለቅሶ ተሰማ።

"ተነፈሰች! ቃጫው ወጣ! ተነፈሰች ልጄ!" እማማ ቦሼ ጮኹ።

ልነሳ ስል ዓይኔ ጉድጓዱ ላይ ቀረ።

ብረቱ በወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ግራጫው ቡኮ ሰብሰብ ይላል... ይከፈታል... ሰብሰብ ይላል... ይከፈታል። እንደሚጠባ አፍ።

ወደ ደረቴ አየሁ። ቀሚሴ በሁለቱም በኩል ርሷል።

ወተቴ ሳልነካው፣ ሳልፈልግ፣ ወደ ቀዳዳው ጠብ... ጠብ... ይል ነበር።