ማራዘሚያው ሳጥን ውስጥ ሳለ የመጣው ጥሪ

እኔ እንኳን የማይታይ ነገር ላምን፣ የሚታየውንም ሁለቴ ነካክቼ ካላየሁ አልቀበልም። ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ እጾማለሁ፣ ግን ሰው ተሰብስቦ “እንዲህ ያለ ነገር ታየኝ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰማሁ” ሲል “እንቅልፍ አጥተህ ነው፣ ሂድ ተኛ” የምል አፈኛ ሴት ነኝ፣ እዚህ ላሊበላ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። የምነግራችሁ ያመንኩትን ሳይሆን የሆነውን ነው።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ቆብ ጫኑና እማሆይ ሆኑ፣ እኔም “እማዬ” ማለት ቀረና አንቱታን ለመድኩ። “መነኩሴ ከቴሌቪዥን ጋር አያድርም” ብለው ጓሮ ባለችው የድሮ የድንጋይ ጎጆ ገቡ። ስኳር አለባቸው፣ መርፌ ይወጋሉ፣ አንዴም ራሳቸውን ስተው ለጥቂት ነው የደረስንላቸው፤ ስለዚህ ፍርሃቴ አንድ ነበር፣ ብቻቸውን ወድቀው ሳልሰማ እንዳልቀር። ፎቶዬን ሲነኩ በዋይፋይ ወደ እኔ በቪዲዮ የሚደውል ስልክ ገዛሁላቸው፣ ዋይፋዩ ግን ያን ወፍራም ግድግዳ አልፎ አይገባም። ሚኒባስ የሚነዳው ወንድሜ ሲሳይ ከወልድያ የዋይፋይ ማራዘሚያ ይዞልኝ መጣ፣ “አብሽሪ፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ መርሳት ነው” አለኝ።

ስህተታችን ምን መሰላችሁ፣ ጎጆዋ ውስጥ ያለችው ሶኬት አንድ ናት፣ እሷም ከእመቤታችን ሥዕል ስር። እማሆይ ሥዕሏን በመጋረጃ ሸፍነው ለጸሎት ብቻ የሚገልጡ ሰው ናቸው፣ እኛ ደግሞ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ዕቃ እዚያው ስር ተከልን! “ልጄ፣ እመቤቴ ፊት እንዲህ የሚጣቀሰው ማነው?” አሉኝ። ሲጸልዩ ይነቅሉታል፣ ሲጨርሱ መሰካቱን ይረሳሉ። ፍልሰታ ሲገባማ ጭራሽ ከነስልኩ በነጠላ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፣ “ሱባኤ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም በሬን እንዳያንኳኳ” ብለውም ከውስጥ ቀረቀሩ። የነፍስ አባታቸው “እርስዎ በሽተኛ ነዎት፣ ይብሉ” ብለዋቸው ነበር እኮ! ጮህኩ፣ ተቆጣሁ፣ ግን ሱባኤ የገባ ሰው በር ማን ይደፍራል?

ያን ቀን ጉሙ ከአሸተን ተራራ ወርዶ ግቢውን ውጦታል፣ ይዘንባል፣ መብራትም ከጠዋት ጀምሮ የለም። ከቀትር በኋላ ምስር እየለቀምኩ ስልኬን ባየው የዋይፋይ ምልክቷ ሞልታ ቆማለች። እንዴ! ራውተሩን ዳበስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ማብሪያውን ተጫንኩ፣ ምንም። ከዚያ ኳ... ኳ... የሚል ነገር ሰማሁ፣ መቋሚያ ድንጋይ ሲመታ የሚያሰማውን ዓይነት፣ ከጓሮ መስሎኝ መስኮቱን ብከፍት ዝናቡ ብቻ፣ ለካ ከስልኬ ነው የሚወጣው። ወዲያው ጠራ። “እማሆይ” ይላል።

አነሳሁት። በጨለማው ውስጥ የጎጆዋ ጣሪያ ይታያል፣ የሚቆራረጥ ትንፋሽ ይሰማል፣ ኳኳታውም አላቆመም። “እማሆይ! እማዬ!” ብል መልስ የለም። ከዚያ፣ በናታችሁ እመኑኝ፣ ቁጣ የሌለበት የሽማግሌ ድምፅ “ነይ ልጄ፣ ቶሎ ነይ” አለኝ።

ደግነቱ ሲሳይ ግቢ ውስጥ ነበር፣ እየጮህኩ ጠራሁት። በሩ እንደተቀረቀረ ነው፣ በዲጅኖ ፈነቀለው። እማሆይ ቁርበታቸው ላይ ተዘርረዋል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ሌላ ሰው የለም። ስኳራቸው ወርዷል ብዬ ማር በጣቴ ድዳቸው ላይ እያሸሁ፣ እያለቀስኩ፣ በሚኒባሱ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙ “ትንሽ ብትዘገዩ አታገኟቸውም ነበር” አለን። ተመስገን!

በማግስቱ ልብስ ላወጣላቸው፣ ማተባቸው ላይ የታሰረውን ቁልፍ ወስጄ ሳጥኑን ብከፍት፣ ስልኩና ማራዘሚያው እንደተጠቀለሉ ናቸው። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፤ ቻርጅ አድርጌ ሳየው የደወለው ጥሪ የለም። የእኔ ላይ ግን አለ፣ እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም። ሲሳይ “ኔትወርክ አንዳንዴ ይዘባርቃል” አለ፣ ሲናገር ግን ዓይኔን አላየም።

እማሆይ ሲሻላቸው ማን ነበር አብሯቸው የነበረው ብዬ ጠየቅኋቸው። “ሽማግሌው ናቸዋ፣ ጥግ ላይ ቆመው ይጸልዩ ነበር፣ ልጅሽን ጥሪ አሉኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ፣ እንግዲያስ እኔ ልጥራልሽ አሉ” አሉኝ፣ የጎረቤት ነገር የሚያወሩ ያህል ቀለል አድርገው።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ አመስግኜ ዝም እል ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ እማሆይ ደጃፌ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ስልካቸውም ጭናቸው ላይ ሆኖ፣ ስልኬ “እማሆይ” ብሎ ጠራ። እሳቸው ከእጄ ወስደው አነሱትና “ደህና ነኝ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ” አሉ፣ ጥቂት አዳመጡ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ሲሳይ የት ነው ያለው?” አሉኝ።

ወደ ሙጃ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ሚኒባሱን እየነዳ ነበር። ደወልኩለት፣ “ምን ሆናችሁ? እኔ ደህና ነኝ” አለ፣ “ተመለስ” ስለው ያ ሁሌ የሚስቅብኝ ሰው አንድ ቃል ሳይጠይቅ መኪናውን አዞረ። ግቢ ሲገባ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እዚያ መንገድ ላይ ምን ይጠብቀው እንደነበር አላወቅንም፣ ተመስገን ብያለሁ፣ ከልቤ ነው ያልኩት። ግን ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጠራ ቁጥር፣ ማን እንደደወለ ከማየቴ በፊት፣ ቤተሰቤ የት የት እንዳለ አንድ በአንድ አስባለሁ።