ለሌላ ሰው የተስተካከለ ወንበር

ሟቿ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ግን መሬት አልነካም።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንን ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያየው ደረታቸው ላይ ያዘነበለውን ጭንቅላት፣ በጎኑ የተኛውን የጭማቂ ብርጭቆ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ተከፍቶ የሚጠብቀውን ደብዳቤ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚል ስም ያወጡላት ይህች ሴትዮ ግን ከጥንትም ሰው የሚረግጠውን መሬት ሳታይ ፊቱን አታይም። እንግዲህ አመል ነው፤ ምን ይደረጋል!

ሳጅኑ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበ። «‹ልቤ እየደከመ ነው። እንደ ልጄ ያሳደግኳት የእህቴ ልጅ መድኃኒቴን አብዝታ እንደሰጠችኝ አሁን ገባኝ። ብሞት እሷን ጠይቁ።› የተጻፈው ከቀኑ ዘጠኝ ከሃያ ላይ ነው። የልብ መድኃኒቷ ጠርሙስ ባዶውን ወጥ ቤት ተገኝቷል። ካቴናውን ላውጣ?»

«አንተ ደግሞ ለካቴና ስትቸኩል! ቆይ እስቲ።»

የእህት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከሥራ ከወትሮው ቀደም ብላ ስትመለስ አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት። ካቴና የሚለውን ቃል ሰምታለች፤ ግን ስለ ካቴናው አልጠየቀችም።

«አክስቴ እውነት ይህን ጻፈች?» አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። «እኔ የገደልኳት መስሏት ነው የሞተችው? እሰሩኝ፣ ግዴለም። ይሄን ብቻ ንገሩኝ።»

መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። «ሥራዋን የምትሠራው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው?»

«ኧረ የት አባቷ! አክስቴ ጠረጴዛ የሚባል ነገር ጠላቷ ነው። ሃያ መጽሐፍ የተረጎመችው እዚያ ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ ላፕቶፑን ሆዷ ላይ አስቀምጣ ነው። ወንበሩ የእኔ ነበር፣ ተማሪ እያለሁ።»

«ሰሞኑን የተጣላችው ሰው አለ?»

«የአሳታሚዋ አርታኢ። አዲሱ መጽሐፍ ከነገ ወዲያ ገበያ ላይ ይውላል። ከትናንት ወዲያ አንድ ቅጂ ደረሳት፤ ተርጓሚ ተብሎ የታተመው የእሱ ስም ነው። አሥራ አራት ወር የለፋችበትን! ዛሬ ጠዋት ‹ነገ ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ሁሉ ሰው ፊት እነግርበታለሁ› ብላ ነበር።»

ጎረቤት የምትኖረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየሮጠች መጣች። ሰፈሩ «ወጌሻዋ» ይላታል። ቁመቷ ከሟቿም ያንሳል፤ ምላሷ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። የቤቱ ተጨማሪ ቁልፍ ስላላት ሳጅኑ እሷንም በዓይኑ ጠምዶ ይዟታል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ለመንኳት!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አንገትሽን አትድፊ፣ ስክሪኑን ከፍ አድርጊ፣ ኪቦርድ ለብቻው ሰክተሽ ጻፊ፣ ክርንሽ ዘጠና ዲግሪ ይሁን፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ። በገዛ እጄ የላፕቶፕ ማስቀመጫ ገዝቼላታለሁ። ያው መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ከነፕላስቲኩ! አሳታሚ ድርጅቷ ድረስ ሄጄ ሠራተኛውን በሙሉ አሠልጥኛለሁ። ሁሉም ሰማኝ፤ እሷ ብቻ ሳቀችብኝ።»

መርማሪዋ መሳቢያውን ሳበች። ማስቀመጫው እውነትም ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ላፕቶፑ የተቀመጠው ሁለት ወፋፍራም መዝገበ ቃላት ላይ ነበር። ከፊቱ ከድሮ ኮምፒውተር የተረፈ ኪቦርድ ተሰክቷል፤ መደርደሪያው ላይ የነበረበት ቦታ በአቧራው መሃል ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ቁልፎቹ አሻራ እንዳይገኝባቸው በጥንቃቄ ተወልውለዋል። በሟቿ ወገብና በወንበሩ መደገፊያ መካከል ደግሞ የተጠቀለለ ፎጣ አለ።

አርታኢው ወደ ማታ ጣቢያ ተጠርቶ መጣ። ረጅም፣ ጨዋ፣ ቃላት የሚመርጥ ሰው ነው። ከመቀመጡ በፊት ኮቱን አውልቆ ጠቅልሎ ከወገቡ ጀርባ ወሸቀ። መርማሪዋ አየችው።

«ስምንት ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄጄ ደብዳቤ ሰጥቼያቸው ነበር» አለ። «በር ላይ ቆሜ ነው የሰጠኋቸው። የሽፋኑን ስሕተት እናርማለን የሚል ነው።»

«ወደ ውስጥ አልገቡም?»

«እግሬን አላስገባሁም። የሥራ ክፍላቸውን ዕድሜ ልኬን አላየሁትም።»

«ጥሩ። ለማጣራት ያህል የሁላችሁንም አሻራ እንወስዳለን። እርስዎም ቅር አይልዎትም።»

ቅር አላለውም። ኪቦርዱን፣ ብርጭቆውንና የበሩን እጀታ መወልወሉን እርግጠኛ ነበርና።

የእህት ልጅ ያን ሌሊት ጣቢያ አደረች። መርማሪዋም ቤቷ ብትገባም እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም ሟቿ የሞቱበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንበሩ፣ መጻሕፍቱና ላፕቶፑ እንደነበሩ ናቸው። የእህት ልጅ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማ ወንበሩን ላለማየት መስኮቱን ታያለች።

«አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ» ስትል መርማሪዋ ጀመረች። «ልቧ እየደከመ ያለ ሴት ደብዳቤ ልትጽፍ ፈለገች እንበል። ዕድሜዋን ሙሉ የተጋደመችበትን ሶፋ ትታ፣ ወንበሩን ከፍ አድርጋ፣ ሁለት መዝገበ ቃላት ተሸክማ፣ የድሮ ኪቦርድ አውርዳ፣ ፎጣ ጠቅልላ፣ ከዚያ በኋላ ነው የገደለችኝ እሷ ናት ብላ የጻፈችው? ሞት በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት?»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለዚህ ደብዳቤው የሷ አይደለም።»

«አይደለም። የእህት ልጅም አልጻፈችውም፤ በገዛ እጇ ራሷን የምትከስስ ሞኝ የለችም። አክስቷ ጠረጴዛ ጋ እንደማትቀመጥም ታውቃለች። ይህን የጻፈው ሟቿ ቤቷ ውስጥ እንዴት እንደምትሠራ የማያውቅ ሰው ነው። ሆኖም እሱ ራሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ወገቡን አጉብጦ አንድ ገጽ እንኳ መጻፍ የማይችል ሰው ነው። ሰው ገድሎ እንኳ አቀማመጡን ሳያስተካክል አልጻፈም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ወጌሻዋ ዞረ። እሷም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ይቀመጡ እስቲ» አለቻት መርማሪዋ።

ወጌሻዋ እየፈራች ወንበሩ ላይ ወጣች። እግሮቿ ተንጠለጠሉ። ስክሪኑን ለማየት አገጯን ወደ ላይ አነሳች።

«እንዲህ ተቀምጬ ብጽፍማ ነገ የራሴ ታካሚ ነኝ!» አለች ሳታስበው።

«እሱን ነው የምለው። ደግሞ ሙያተኛዋ ብትሆን ኖሮ በገዛ እጇ የገዛችው ማስቀመጫ መሳቢያ ውስጥ እያለ መዝገበ ቃላት ስትቆልል አትውልም ነበር።» መርማሪዋ ወደ አርታኢው ዞረች። «አሁን እርስዎ።»

«ይህ ተራ ቀልድ ነው።»

«ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ጫማው መሬቱን ሙሉ በሙሉ ረገጠ። ክርኖቹ ከኪቦርዱ ጋር ልክ ገጠሙ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ በዓይኑ ትይዩ ቀጥ አለ።

«በዚህ ቁመት ስንት ሺህ ሰው አለ!» አለ ፊቱ እየቀላ።

«አለ እንጂ። የዚህን ክፍል ወንበር የነካው ግን አንድ ነው። መድኃኒቱን ጭማቂው ውስጥ ጨመሩ፤ ሶፋው ላይ ስትደክም ደብዳቤውን ጻፉ፤ ከዚያ አንስተው እዚህ አስቀመጧት። የነኩትን ሁሉ ወልውለዋል፣ አይካድም። የእህት ልጅ የግቢውን በር ስትከፍት ግን ሁሉንም እንዳለ ትተው በወጥ ቤት በኩል ወጡ። ከመቀመጫው ሥር ወንበሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማንሻ አለ። በዳበሳ ስለሚነካ ትዝ አላለዎትም። የቀኝ እጅዎ የአራት ጣቶች አሻራ እዚያ ላይ ተገኝቷል። እግሬን አላስገባሁም ያሉበት ክፍል ውስጥ።»

አርታኢው እጁን ወደ መቀመጫው ሥር ሰደደና ድንገት እንደተቃጠለ መልሶ ሳበው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። «ሁሉ ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነበር» ብቻ አለ።

ፖሊሶቹ የእህት ልጅን ለቀው ወደ እሱ ሄዱ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ» አለችው፤ ድሮ ረቂቅ ሊቀበል በር ድረስ ሲመጣ እንደምትጠራው። «ስትደክም አጠገቧ ነበሩ። ምን አለች? ስለ እኔ ምን አለች?»

አርታኢው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሳጅኑ ካቴናውን ሲቆልፍበት ነው የተናገረው።

«‹ልጄን ጥራልኝ› አለችኝ። ሦስት ጊዜ። ‹እሷ ከመጣች ምንም አልሆንም› አለች።»

የእህት ልጅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለችና ከትናንት ጀምሮ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው።